ሚሊዮን ፊት የሚለየው ካሜራ ለአንዲት እናት ልጇ የት እንዳለ ይንገራት!

(«የነገው ፖሊስ» በሚል ርዕስ በተዘጋጀ አንድ የወጣቶች ውይይት ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች በጥቂቱ አሳጥሬዋለሁ።)



«ግድግዳም ጆሮ አለው» ይሉ ነበር አባቶቻችን በዝግታ ሲመካከሩ። በእኛ ዘመን ግድግዳው ዓይንም አብቅሏል። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ቦሌ በእግራችሁ ስትሄዱ እስቲ አንድ ጊዜ ቀና በሉ። በአዲሱ መንገድ ዳር፣ በየምሰሶው ላይ ካሜራ ቁልቁል ያያችኋል። እሱ ያያችኋል፤ እናንተ ግን ከበስተጀርባው ማን እንደተቀመጠ አታዩም።

ስለ ነገው ፖሊስ እንድናገር ስጋበዝ አንድ ወዳጄ «ምን አስጨነቀህ፣ የዛሬውን ጨርሰነው ነው ወይ የነገው?» አለኝ። አነጋገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ ቁም ነገር ነው። ስለ ነገ የሚወራው ሁሉ ስለ መሣሪያ ነው፤ ስለ ካሜራ፣ ስለ ድሮን፣ ፊት ስለሚለይ ኮምፒዩተር። ዱባይ እ.ኤ.አ. በ2017 ፖሊስ የማይቀመጥበት ፖሊስ ጣቢያ ከፍታለች። ባለጉዳይ ይገባል፣ ስክሪን ይነካል፣ አቤቱታውን ያስመዘግባል፣ ይወጣል። «ስማርት ፖሊስ ጣቢያ» የሚለው ቃል እኛም አገር ገብቷል። በ2015 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 መሠረት ደግሞ የጣታችን አሻራ፣ የዓይናችን ብሌንና የፊታችን ፎቶ ፋይዳ በሚባለው መታወቂያ ተመዝግቦ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱኝ። እኔ የመሣሪያ ጠላት አይደለሁም። ስልኳን በሞተር ብስክሌት ነጣቂ የተቀማች ልጅ፣ መኪናውን ከደጃፉ ያጣ ሰው፣ ማታ ከሥራ ስትመለስ ጨለማ የምታቋርጥ እህት፣ እነዚህ ሁሉ ካሜራው ቢኖር ደስ ይላቸዋል፤ መብታቸውም ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ካሜራው የዞረው ወደ ማን ነው? መዝገቡን የሚጽፈው ማን ነው? የሚያነበውስ?

ሌባ ሻይ ተመልሶ መጣ እንዴ?

ሌባ ሻይ የሚባለውን ነገር ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? በአያት ቅድመ አያቶቻችን ዘመን የወንጀል ምርመራ ዘዴ ነበር። ዕቃ የጠፋበት ሰው ሲያመለክት ለአንድ ትንሽ ልጅ ቅጠል ተበጥብጦ ይሰጠዋል። ልጁ ይሰክራል፣ ራሱን ይስታል። ከዚያ ወገቡ በጨርቅ ታስሮ እየተንገዳገደ መንደሩን ያስሳል፤ ሹሙም ሕዝቡም ከኋላ ይከተላል። ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት «ሌባው አንተ ነህ!» ይባላል፤ የጠፋውን ይከፍላል።

ማስረጃው ምንድን ነው? ልጁ ወደቀ፣ አለቀ! ልጁን እንጠይቅ ቢባል ልጁ ምንም አያውቅም። ሹሙን እንጠይቅ ቢባል «እኔ ምን አደረግሁ፣ መድኃኒቱ ነው የመራው» ይላል። ባለቤቱ ንጹሕ ቢሆንም የሚከራከርበት መንገድ የለውም። ከመድኃኒት ጋር እንዴት ይከራከራል?

አሁን ወደ አሜሪካ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ዲትሮይት ከተማ አጠገብ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ ፖሊሶች ደጃፉ ላይ ጠበቁት። በሚስቱና በሁለት ትናንሽ ሴት ልጆቹ ፊት ካቴና አስገቡለት፤ 30 ሰዓት ገደማ አሰሩት። ወንጀሉ ከአንድ ሱቅ ውድ ሰዓቶች መስረቅ ነው ተባለ። ማስረጃውስ? የሱቁ ካሜራ ያነሳውን ድንግዝግዝ ያለ ፎቶ ኮምፒዩተሩ ከዚህ ሰው የመንጃ ፈቃድ ፎቶ ጋር «አንድ ናቸው» አለ። ሰውየው ፎቶውን ከፊቱ አጠገብ ይዞ «ይሄ እኔ ነኝ?» ብሎ ጠየቀ። አልነበረም። ክሱ ተሰረዘ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ የዲትሮይት ፖሊስ በፍርድ ቤት ስምምነት «ከእንግዲህ ኮምፒዩተር ፊት አመሳሰለ ብዬ ብቻ ሰው አላስርም» ብሎ ፈረመ።

ያው ሌባ ሻይ አይደለም ወይ? ልጁ በኮምፒዩተር ተተካ እንጂ «መድኃኒቱ ነው የመራው» የሚለው መልስ አልተለወጠም።

ይህ ነገር እኛን የሚነካን በሌላም በኩል ነው። የአሜሪካ መንግሥት የመለኪያና የደረጃ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 189 የሚሆኑ ፊት ለዪ ፕሮግራሞችን ፈትኖ ነበር። ያልሆነን ሰው «እሱ ነው» የማለት ስሕተት ከፍ ብሎ ከተገኘባቸው ሕዝቦች መካከል የምዕራብና የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች ይገኙበታል። በአንዳንዶቹ ፕሮግራሞች ልዩነቱ ከ10 እስከ 100 እጥፍ ደርሷል። ምሥራቅ አፍሪካ ማለት እንግዲህ እኛ ነን! መሣሪያውን በውጭ ምንዛሪ ገዝተን ስናመጣ በማን ፊት እንደሠለጠነ የመጠየቅ መብት የለንም ወይ?

ትናንት የታሰረ ነገም ይታሰር?

ሁለተኛው የነገ ወሬ «ወንጀል ሳይፈጸም አስቀድሞ ማወቅ» የሚሉት ነው። ኮምፒዩተሩ የድሮ መዝገብ ይበላል፤ ከዚያ ነገ ወንጀል የት እንደሚፈጸም፣ አልፎ ተርፎም ማን እንደሚፈጽም ይተነብያል ይባላል። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ፕሬድፖል በሚባል ፕሮግራም ለዓመታት ሠራበት። «ፖሊስ ትናንት ወደተመላለሰበት ድሃ ሰፈር ዛሬም መልሶ ይልከዋል» የሚል ነቀፋ በዛበት። እ.ኤ.አ. በ2020 ምክንያቱ የገንዘብ ችግር ነው ብሎ ተወው። ቺካጎ ደግሞ ለሰዎች ነጥብ የሚሰጥ ዝርዝር ነበራት፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ቆመ። የከተማው ዋና ተቆጣጣሪ ባወጣው ዘገባ ከተጠቀሱት ጉድለቶች አንዱ ይሄ ነው፤ ነጥቡ ሲሰላ ተይዞ የነበረ ሰው፣ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ባይለውም እንኳ፣ መታሰሩ ይቆጠርበት ነበር።

ይህን ወደ እኛ አገር አምጡትና አስቡት። በ2009 ዓ.ም በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከ20,000 በላይ ሰው መታሰሩን የነገረን መንግሥት ራሱ ነው። አብዛኞቹ ፍርድ ቤት አልቀረቡም። በየካምፑ «ሥልጠና» ወሰዱ፤ «አይደገምም» የተባለበት ካናቴራ ለብሰው «ተመረቁ»፤ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በ2010፣ በ2014፣ በ2015 ዓ.ም መጨረሻ ሌሎች የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች መጡ፤ ሌሎች ሰዎችም ታሰሩ። የእነዚህ ሁሉ ስም አንድ ቦታ ተጽፏል። ነገ አንዱ መሐንዲስ ያንን መዝገብ ለኮምፒዩተር ቢያበላው ኮምፒዩተሩ ምን ይማራል? ያለ ክስ የታሰረ ሰው አደገኛ መሆኑን ይማራል! ሰውየው ነገ ሥራ ሲጠይቅ፣ ፓስፖርት ሲያወጣ፣ ኬላ ሲያልፍ ቀይ መብራት ይበራበታል። ለምን ቢል የሚነግረው የለም።

አውሮፓውያን ይህን ስለፈሩ በጠባይና በታሪኩ ብቻ ተነስቶ «ይህ ሰው ወንጀል ይሠራል» የሚል የኮምፒዩተር ትንበያን በሕግ ከልክለዋል። ክልከላው ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2025 ጀምሮ ነው። እኛም በ2016 ዓ.ም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥተናል። ጥሩ ነው። ጥያቄው አዋጁ ባንክና ቴሌ ላይ የሚያሳየውን ጥርስ ፖሊስ ጣቢያ በር ሲደርስም ያሳያል ወይ? ነው።

ካሜራው ወደ ፖሊሱ ሲዞር

ግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. ሚኒያፖሊስ። ጆርጅ ፍሎይድ በሞተበት ሌሊት የከተማው ፖሊስ ያወጣው መግለጫ ሰውየው በፖሊስ ሲያዝ በሕክምና ችግር እንደሞተ የሚያስመስል ነበር። የፖሊስ ጉልበት አንገቱ ላይ እንደነበር አንድም ቃል የለበትም። እውነቱን ያወጣችው የ17 ዓመት ልጅ በእጇ የያዘችው ስልክ ነው። ያ ስልክ ባይኖር መዝገቡ «ታሞ ሞተ» እንዳለ ይዘጋ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ፖሊሱ በነፍስ ግድያ ተፈረደበት።

ሩቅ ነው ካላችሁ ወደ ጎረቤታችን እንምጣ። ሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ አንድ የ31 ዓመት መምህርና ጦማሪ በኢንተርኔት ላይ አንድ የፖሊስ ሹም ተሳድበሃል ተብሎ ከወላጆቹ ቤት ተያዘ። ናይሮቢ ድረስ ተጫነ፤ ጣቢያ ውስጥ ሞተ። ፖሊስ «ራሱን ከግድግዳ ጋር አጋጭቶ ነው» አለ። የአስከሬን ምርመራው ግን ጭንቅላቱ መመታቱን፣ አንገቱ መታነቁን አሳየ። ጣቢያው ካሜራ ነበረው? ነበረው! የተቀረጸው ግን ተነካክቶ ተገኘ። ነገሩን የመረመረው ኬንያውያን እ.ኤ.አ. በ2011 ያቋቋሙት፣ ለፖሊስ የማይታዘዝ የፖሊስ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ነው። ፖሊሶቹም በግድያ ተከሰሱ።

ከሁለቱ ምን እንማራለን? ካሜራ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ምስክር የሚሆነው ቅጂው ከተከሳሹ እጅ ውጭ ሲሆን ነው። በዋሽንግተን ከተማ ከ2,000 በላይ ፖሊሶችን ያካተተ፣ ግማሾቹ ደረታቸው ላይ ካሜራ የታጠቁበት ጥናት ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ ሲወጣ በኃይል አጠቃቀምም ሆነ በሕዝብ አቤቱታ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ካሜራው ታጥቋል፤ ጠያቂ ከሌለ ግን ያው ጌጥ ነው።

የ48 ሰዓት ነገር

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ።

ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የጎረቤቴን ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ወጣት ነው፣ ሲቪል የለበሱ ሰዎች ከሰፈር ይዘውት ሄዱ። እናቱ ስንቅ ቋጥራ፣ እኔ ተከትዬ፣ ጣቢያ ለጣቢያ ዞርን። ስሙን የማልጠራው አንድ ጣቢያ በር ላይ ተረኛው ወጣት ፖሊስ «እናቴ፣ እዚህ የለም አልኩዎት እኮ» አለ። «ልጄ፣ መዝገቡን ብቻ እይልኝ፣ ስሙ ይኖር እንደሆን» አለችው። «መዝገብ ማየት አይፈቀድልኝም እናቴ» አለ። ክፋት አልነበረበትም። አይቼዋለሁ፤ ዓይኑን ወደ መሬት ነው የሰበረው። እሱም የእናት ልጅ ነው።

ልጁ የተገኘው በአምስተኛው ቀን ነው። የት? ያው ጣቢያ፣ ከጀርባ! ክስ ሳይመሠረትበት ተለቀቀ። እናቱ ግን ዛሬም በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች።

ወገኖቼ፣ ሕጉ ምን ይላል? በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይል ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ያንኑ 48 ሰዓት ደገመው። በሰዓቱ ካልቀረበ አካሉ ነፃ እንዲወጣ ፍርድ ቤትን የመጠየቅ መብት ሰጠው። አንቀጽ 21 ደግሞ የታሰረ ሰው የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ፣ ወዳጁ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው ሊጎበኙት ይችላሉ ይላል። የት እንዳለ ያልታወቀ ሰው በምን ተአምር ይጎበኛል?

ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ ፈረሰ። ማዕከላዊም በመጋቢት 2010 ዓ.ም ተዘጋ፤ እሰየው ብለናል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2015 ዓ.ም ባወጣው መግለጫ ሰዎች ተይዘው ያሉበት ቦታ ለቤተሰብ እንደማይነገር፣ ነገሩም አስገድዶ መሰወር እንደሆነ ተናግሯል። ይህን ያለው በሕግ የተቋቋመ የመንግሥት ተቋም እንጂ ተቃዋሚ ፓርቲ አይደለም!

እንግዲህ አስቡት። ከሚሊዮን ሰው መካከል አንድ ፊት በሰከንድ የሚለይ መሣሪያ አለን። አሻራችን ተቀምጧል፤ ስልካችን የት እንዳለ ይታወቃል። ልጁ ከሰፈር ሲወሰድ በስንት ካሜራ ሥር አልፏል! ይህ ሁሉ እያለ አንዲት እናት «ልጄ የት ነው?» ብላ ስትጠይቅ መልሱ በእጅ የሚጻፍ፣ ማንም የማያየው ደብተር ውስጥ ነው። ችግሩ የመሣሪያ ነው ትሉኛላችሁ?

ታዲያ ምን ይደረግ?

መተቸት ብቻ እንዳይሆንብኝ የምለውን ልናገር። አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ አብዛኛው ሌላው ዓለም የሠራበት ነው።

አንደኛ፣ ቴክኖሎጂው ከእስር መዝገብ ይጀምር። ሰው በተያዘበት ደቂቃ ስሙ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የያዘው ፖሊስ መለያ ቁጥር ይመዝገብ። 48ቱ ሰዓት ራሱ ይቁጠር፤ ሲሞላ ለዳኛውም ለዐቃቤ ሕጉም ይደውል። ቤተሰብ ወይም ጠበቃ ማንነቱን አሳይቶ ሲጠይቅ «አለ፣ እዚህ ጣቢያ ነው» ይባል። ለባንክ ሒሳብ ይህን ማድረግ የቻለ አገር ለሰው ልጅ አያቅተውም።

ሁለተኛ፣ ካሜራ ከአደባባይ በፊት ምርመራ ክፍል ይግባ። ቃል የሚሰጥበት ክፍል፣ ኮሪደሩ፣ የማረፊያ ቤቱ በር ይቀረጽ። ቅጂው ግን ፖሊስ እጅ አይቅር፤ ፍርድ ቤት ወይም ሌላ ነፃ አካል ያስቀምጠው። ናይሮቢ ያስተማረን ይሄንን ነው።

ሦስተኛ፣ ፖሊስን ፖሊስ አይመርምረው። ሰሜን አየርላንድ ከሠላሳ ዓመት ደም መፋሰስ በኋላ ፖሊሷን እንደ አዲስ ስታዋቅር በክሪስ ፓተን የተመራው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ 175 የሚሆኑ ምክሮች አቀረበ። አዲሱ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ሲጀምር በፖሊስ ላይ የሚቀርብን አቤቱታ የሚመረምር ነፃ እንባ ጠባቂ አስቀድሞ በቦታው ነበር። እኛም የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አለን፤ በ2012 ዓ.ም በተሻሻለው አዋጁ ማረፊያ ቤቶችን ያለ ማስጠንቀቂያ የመጎብኘት ሥልጣን አለው። ሪፖርት ማውጣትና መክሰስ ግን ለየቅል ናቸው። የፖሊስን ጥፋት ብቻ የሚመረምር፣ ለፓርላማ የሚጠራ፣ ዶሴውን ለክስ የሚያቀርብ ተቋም ያስፈልገናል።

አራተኛ፣ ኮምፒዩተር ያለው ጥቆማ ይሁን እንጂ ማስረጃ አይሁን። ፊት ስለተመሳሰለ ብቻ ሰው አይታሰር። የታሰረም ሰው «ማን ነው ያመሳሰለኝ?» ብሎ የመጠየቅ መብት ይኑረው። ሌባ ሻይን የተውነው እኮ ለዚህ ነው።

አምስተኛና የመጨረሻው ስለ ፖሊሱ ነው። ተራው ፖሊስ የእኛው የድሃው ልጅ ነው። ዝናብ ይመታዋል፣ ኪራይ ያስጨንቀዋል፣ በዓል ሲሆን እኛ ዶሮ ስንበላ እሱ ጥበቃ ላይ ነው። ደመወዙ ኑሮውን ካልሸፈነ፣ ሕገ ወጥ ትእዛዝ አልቀበልም ቢል የሚጠብቀው ሕግ ከሌለ፣ በደረቱ ላይ ያደረግንለት ካሜራ ምንም አይፈይድለትም። ያ በር ላይ ያየሁት ልጅ መዝገቡን ቢገልጥላት ኖሮ ሥራውን ያጣ ነበር። ነገ መለወጥ ያለበት አንዱ ነገር ይሄ ነው፤ መዝገቡን መግለጥ ግዴታው፣ መደበቁ ደግሞ ጥፋቱ መሆን አለበት።

«ይሄ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚል ሰው አይጠፋም። በየምሰሶው ላይ ለተሰቀለው ካሜራ ገንዘብ ከየት መጣ? ለዚያ የተገኘ ለዚህ አይጠፋም። ደግሞስ ለአንዲት እናት መልስ መስጠት ምን ያህል ያስወጣል? ፈቃድ እንጂ ብር አይደለም የጎደለው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከፖሊስ ወገን የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፤ መምጣታችሁ ያስመሰግናችኋል። ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ስትመለሱ አለቆቻችሁን አንድ ነገር ጠይቁልኝ። አዲሱ ሥርዓት ሲዘረጋ፣ ስክሪኑ ሲሰቀል፣ ሪባኑ ሲቆረጥ፣ ስንቅ የያዙት እናቶች በየትኛው በኩል ነው የሚስተናገዱት?